231 ፊደል በ48 ኪሎባይት

ኅዳር 7፣ እሑድ

ዛሬ ከእሑድ ገበያ ስፔክትረም የሚባል አሮጌ ኮምፒውተር ይዤ ገባሁ። ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ከመኪናቸው ኋላ አውርደው ሣር ላይ ዘርግተው የሚሸጡበት ገበያ ነው። እዚህ ለንደን ዳር ዳር ላይ ብዙ አለ። ከተሰነጠቁ ሳህኖችና ከልጆች ጫማ መሃል ተጋድማ አየኋት። ጥቁር ናት፤ መጠኗ ከአንድ መጽሐፍ ብዙ አይበልጥም። ቁልፎቿ ግራጫ ላስቲክ ናቸው። በቀኝ ጥግ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ውሃ ሰማያዊ ሰንበር አላት።

«ይሠራ አይሠራ አላውቅም» አለኝ ሻጩ። 25 ፓውንድ። ሳልከራከር ከፈልኩ። ባለቤቴ ይኼን ስትሰማ አላመነችም፤ እኔ ለቲማቲምም እከራከራለሁ።

ለማያውቃት፦ ዜድኤክስ ስፔክትረም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1982 ከካምብሪጁ ሲንክሌር ሪሰርች የወጣች የቤት ኮምፒውተር ናት። ባለ 16 ኪሎባይቷ በ125 ፓውንድ፣ ባለ 48ቷ በ175 ፓውንድ ነበር የምትሸጠው። የራሷ ስክሪን የላትም፣ ቴሌቪዥን ላይ ትሰካለች። ዲስክም የላትም፣ ፕሮግራም የሚገባባት ከቴፕ ነው። የእኔዋ ባለ 48 ናት። ዛሬ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ከዚህች ማሽን ሙሉ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ምን ላደርግባት ነው? ጌም ለመጫወት አይደለም። አማርኛ ላጽፍባት ነው። እሷ ስትወለድ ስለ ፊደላችን የነገራት የለም። ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በጋራ የሚያውቁበት የቁጥር ሰንጠረዥ፣ ግዕዝን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ማለትም እሷ ከወጣች ከ17 ዓመት በኋላ። እስቲ እናያለን።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

መጀመሪያ መብራት። አዳፕተር አብሯት አልነበረም። መሳቢያ ሙሉ አዳፕተር አለኝ፤ ባለ 9 ቮልቱን አንስቼ ልሰካ ስል እጄን ሰበሰብኩ። ስፔክትረም ከብዙዎቹ የዛሬ አዳፕተሮች በተቃራኒ የምትፈልገው መሃሉ ኔጌቲቭ፣ ዙሪያው ፖዘቲቭ የሆነ መሰኪያ ነው። ዝም ብሎ የሰካ ሰው 25 ፓውንዱን በጭስ ያያል። ሽቦውን ቆርጬ፣ ገልብጬ በየድኩት። በቴስተር ሦስት ጊዜ ለካሁት። አንዴ ይበቃ ነበር፣ ግን ራሴን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ሰካሁ። የማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ የሚባል ነገር የላትም፤ ስትሰካት በራች፣ ስትነቅላት ጠፋች። (ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ታስለቅሰኛለች።)

ቴሌቪዥኑ ላይ ዘንግ ዘንግ መስመርና ባለቀለም ካሬ ብቻ። ጤነኛ ብትሆን ስክሪኑ ጥቁር ብሎ፣ ማስታወሻዋን ፈትሻ፣ ነጭ ሆኖ፣ ከታች የ1982 የባለቤትነት መስመር ይወጣል። የእኔዋ ጥለት ነው የምትሸምነው።

ካቻቢቴ አነሳሁ። ክዳኑን ስከፍት ከላስቲኩ ሥር ያለው ስስ ፕላስቲክ ሁለት ሪባን ይዞ ወደ ቦርዱ ይገባል። አንዱ 8 መስመር፣ ሌላው 5 መስመር። 8 በ5፣ 40 ቁልፍ። ሁለቱም እንደ ደረቅ እንጀራ ተሰባበሩ። ይኼ የሚጠበቅ ነው፤ 40 ዓመት ያለፈው ፕላስቲክ ነው። አዲሱን አዘዝኩ። ዛሬም ድረስ እየተሠራ ይሸጣል።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ጥለቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከታችኛው ማስታወሻ ነው። 8 ቺፖች ናቸው፣ አንድ ላይ 16 ኪሎባይት። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ እነሱ ሲታመሙ በዓይን ይታያል። እነዚህ ቺፖች አስቸጋሪ ዘመዶች ናቸው። አንድ ዓይነት መብራት አይበቃቸውም፤ 5 ቮልት፣ 12 ቮልት እና ከዜሮ በታች 5 ቮልት ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ቀርቶባቸው ሌሎቹ ከደረሷቸው ይቃጠላሉ።

ቴስተሩን አንደኛው እግር ላይ አደረግኩ። ከዜሮ በታች 5 መሆን የነበረበት ባዶ ነው። ስምንተኛው እግር ላይ 12 የለም። ዘጠነኛው ላይ 5 አለ። ሁለቱን የሚያመነጨው ከአንዲት ጥቅልል ሽቦ ጋር የሚሠራ ትንሽ ሰርኪዩት ነው፤ እዚያ ውስጥ ቶሎ የምትሞተው ቦርዱ ላይ «ቲአር4» ተብላ የተጻፈችው ትራንዚስተር ናት። ሳንቲም ነው ዋጋዋ። ነቅዬ አዲስ ተከልኩ። 12 መጣ። ከዜሮ በታች 5 መጣ።

ጥለቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጣቴን ቺፖቹ ላይ በየተራ አስቀመጥኩ። ስድስቱ ለብ ያሉ፣ አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ግን እንደ ምጣድ። ፈጀኝ። እሱን አውጥቼ በቦታው ሶኬት በየድኩ፣ ምትኩን ሰካሁ።

ነጭ ስክሪን! ከታች ትንሽዬ ጥቁር ጽሑፍ፣ 1982። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

በነገራችን ላይ የላይኛው 32 ኪሎባይት ታሪክ ደስ ይላል። ሲንክሌር ብር ለመቆጠብ 64 ኪሎቢት ሆነው ተሠርተው ግማሻቸው የተበላሸ ቺፖችን ገዛ። ጤነኛውን ግማሽ ብቻ ተጠቀመበት። የመርካቶ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፣ በአድናቆት ነው የምለው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

አዲሱ የቁልፍ ፕላስቲክ ገባ። ምስሉን ደግሞ አስተካከልኩ። ማሽኗ ምስሏን በአንቴና በኩል ነው የምትልከው፣ በቻናል 36። አዲሱ ቴሌቪዥናችን አይቶት አያውቅም፤ እስካሁን የተጠቀምኩት ጋራዥ የነበረውን አሮጌ ነው። ከውስጥ ያለውን የአንቴና ሳጥን አልፌ የምስሉን ሽቦ በቀጥታ መውጫው ላይ በየድኩት። አሁን የሳሎኑ ቴሌቪዥን በቢጫው መሰኪያ ይቀበላታል። ሳሎኑን በዚህ መልኩ ነው የወረስኩት።

ልጄ መጣች። 11 ዓመቷ ነው።

«አባዬ፣ የት ነው የሚነካው?»

«ቁልፉን ነው የምትነኪው።»

ፒን ነካች። «ፕሪንት» የሚለው ቃል ሙሉው ወጣ። ደነገጠች። እዚህ ትእዛዝ ፊደል በፊደል አይጻፍም፤ እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ሙሉ ትእዛዝ ነው። ፒ ፕሪንት፣ ኦ ፖክ፣ ጄ ሎድ። ስፔክትረሟ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ትእዛዝ ትጠብቃለች፣ ከትእዛዙ በኋላ ፊደል ትቀበላለች። ልጄ በአምስት ደቂቃ ለመደችው። ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ስክሪኑን ሙሉ አስሞላችው። «በአማርኛስ?» አለች። በደንብ ያሳደግኳት ልጅ ናት።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ቴፕ። ካሴት ማጫወቻ የለኝም፣ ስልኬ ግን ድምፅ ይቀዳል፣ ያጫውታልም። በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሽቦ ዘርግቼ ከማሽኗ ጋር አገናኘሁት። ሴቭ ስላት ትጮኻለች፤ መጀመሪያ ረጅም ፉጨት፣ ከዚያ የዝናብና የንብ ድብልቅ የሚመስል ድምፅ። ያ ድምፅ ነው ፕሮግራሙ። ስልኩ ይቀዳዋል። መልሼ ሳጫውት የስክሪኑ ጠርዝ በቀለም ሰንበር ይሞላል፣ ፕሮግራሙም ይገባል።

ሁለት ነገር ተማርኩ። ድምፁ እስከ ጣሪያ መለቀቅ አለበት። ሁለተኛው፣ ስልኩ ጥሪ መቀበል የለበትም። እህቴ ከአዲስ አበባ መሃል ላይ ደወለች፤ ማሽኗ የስልኩን ጥሪ ፕሮግራም ነው ብላ ልታነበው ሞክራ «የቴፕ ስህተት» አለች። እህቴን ስነግራት «እኔን ስህተት አለችኝ?» አለች።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ ነው ሥራው የተጀመረው።

እያንዳንዱ ፊደል የሚሳለው 8 በ8 በሆነች ሜዳ ላይ ነው። 8 መስመር፣ በእያንዳንዱ መስመር 8 ነጥብ። የበራ ነጥብ 1፣ የጠፋ 0። ነጥቦቹ ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ያወጣሉ፤ የበሩት ሲደመሩ የመስመሩ ቁጥር ይመጣል። አንድ መስመር አንድ ባይት ነው፤ ስለዚህ አንድ ፊደል 8 ቁጥር ነው።

በ ቀላል ስለሚመስል ከእሱ ጀመርኩ። ሁለት እግርና ጣሪያ። ሰፋ አድርጌ ሳልኩት፤ 0፣ 60፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 0። አማረ። ከዚያ ቡ መጣ። ከቀኝ እግሩ የምትወጣዋ ሰረዝ የሜዳውን ጫፍ ነካችና የሚቀጥለው ፊደል ላይ ተለጠፈች። ቤ ደግሞ ጭራሽ አይገባም፤ ቀለበቱ ቦታ የለውም። ፊደላችን ወደ ቀኝ መስፋት ይወዳል። ስለዚህ በ መጥበብ ነበረበት። ቤት ስትሠራ ለበረንዳው ቦታ ትተህ እንደምትጀምረው።

ጠባቡ በ ይኼ ነው፤ 0፣ 48፣ 72፣ 72፣ 72፣ 72፣ 72፣ 0። ከእሱ ቤተሰቡ ሁሉ ወጣ። ባ ግራ እግሩን ያሳጥራል፣ 72 ከታች 8 ይሆናል። ቦ ቀኙን ያሳጥራል፣ 64 ይሆናል። ብ በግራ በኩል አንድ ነጥብ ያወጣል፣ 200። ቤን እዩት፦

□□□□□□□□ 0
□□■■□□□□ 48
□■□□■□□□ 72
□■□□■□□□ 72
□■□□■■■□ 78
□■□□■□■□ 74
□■□□■■■□ 78
□□□□□□□□ 0

የቀለበቱ ቀዳዳ አንዲት ነጥብ ናት። በቃ። ግን ከሁለት ሜትር ርቀት ቤ ነው ብሎ ያነባል ሰው። ባለቤቴን ከሶፋው ጠየቅኳት፣ «ቤ፣ ምን ነው?» አለች። አልፏል።

የመጨረሻውን መስመር ሁልጊዜ ባዶ እተዋለሁ፤ ካልተውኩ የላይኛው መስመር ጽሑፍ የታችኛው ላይ ይቀመጣል።

ኅዳር 28፣ እሑድ

አሁን ችግሩ ቦታ ነው። ስፔክትረም ለባለቤቷ «የራስህን ሳል» ብላ የምትተውለት 21 ፊደል ብቻ ነው። 21። በእኛ ቆጠራ ሦስት ቤት ፊደል ማለት ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ አለቀ። መ እንኳ አይደርሰውም። እኛ ያለን 33 ቤት በ7፣ 231 ነው። ዲቃሎቹን ሳልቆጥር።

ልጄ «ታዲያ የሚመሳሰሉትን አውጣቸው፣ ሀ እና ሐ አንድ ዓይነት አይደል የሚባሉት?» አለች። ሒሳቡን ሠራሁት። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ቢወጡ 35 ፊደል፣ 280 ባይት ይተርፋል። ይኼ ክርክር በወረቀት ላይ ስንት ዘመን ተከራክረንበታል፤ በ280 ባይት እኔ ልጨርሰው አልፈለግኩም። ሁሉም ይግቡ።

መውጫው ሌላ ቦታ ተገኘ። ማሽኗ የእንግሊዝኛ ፊደሎቿን ከየት እንደምታነብ የምታስታውስባት አንዲት አድራሻ አለች፣ 23606 እና 23607 ላይ። የፋብሪካውን ገበታ ነው የምታመለክተው፤ 96 ምልክት በ8 ባይት፣ 768 ባይት። ያ ገበታ ራሱ አይነካም፣ ቋሚ ማስታወሻ ላይ ነው ያለው። ጠቋሚው ግን ይነካል። የራሴን ገበታ ሌላ ቦታ አስቀምጬ ጠቋሚውን ወደዚያ ካዞርኩት፣ ማሽኗ ሳታውቅ ከእኔ ገበታ ታነባለች።

አንዱ ገበታ 231 አይችልም። ሦስት ገበታ ግን ይችላል። 33 ለ3 ሲካፈል 11 ቤት፣ 77 ፊደል። እንዲህ ልክ ሲመጣ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ከሀ እስከ ተ፣ ሁለተኛው ከቸ እስከ ዠ፣ ሦስተኛው ከየ እስከ ፐ። በየገበታው መጨረሻ 18 ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ ለነጥቦችና ለዲቃሎች።

ገበታዎቹን 60160 ላይ አስቀመጥኩ። ቤዚክ (የማሽኗ የፕሮግራም ቋንቋ) እንዳይረግጣቸው «ክሊር 60159» ብዬ አጠርኩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዝለል 23607 ላይ 234፣ 237 ወይም 240 መጻፍ ብቻ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ 60።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ከጠዋት እስከ ምሳ ፊደል ስስል ነበር። ከሀ እስከ ቀ ደርሼ ቡና ልጠጣ ተነሳሁ። ስመለስ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ትልቁ ልጄ የስልኩን ቻርጀር ሰክቷል። የማንን ነቅሎ? የእኔን።

ማብሪያ ማጥፊያ የላትም ብዬ ነበር አይደል። ሴቭ አላደረግኩም ነበር። 63 ፊደል፣ 504 ቁጥር፣ ሄደ። ልጁን አልተቆጣሁም፤ ወጥቼ ሁለት ዙር ሰፈሩን ዞሬ ተመለስኩ። ከዛሬ ጀምሮ ሶኬቱ ላይ ወረቀት አለ፤ «የነካ!» ይላል፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ድጋሚ። በዚህኛው ዙር ግን ብልጥ ሆኛለሁ። ቁጥሮቹን በዳታ መስመር ላይ መደርደር ቀላሉ መንገድ ይመስላል። አይደለም። ይቺ ማሽን ፕሮግራም ውስጥ ለጻፍከው ለእያንዳንዱ ቁጥር ከአሃዞቹ ኋላ 6 ተጨማሪ ባይት በስውር ታስቀምጣለች፣ ስትሠራ እንዳትዘገይ። ስለዚህ «72» ከነጠላ ሰረዙ ጋር 9 ባይት ይበላል። ለ1848 ቁጥር ይኼ ወደ 16 ኪሎባይት ነው። ራሱ ዕቃው ሁለት ኪሎባይት የማይሞላ!

አንድ አንድ ቤት እያስገባሁ፣ ወደ ገበታው እየገለበጥኩ፣ የዳታውን መስመር እየሰረዝኩ ሄድኩ። የዛሬውን ስጨርስ የሦስቱን ገበታ 2304 ባይት ብቻ እንደ ጥሬ ኮድ ወደ ስልኬ ቀዳሁት። መልሶ ሲገባ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ሁለት ቦታ ቀድቻለሁ። ሦስት።

ስለ አሳሳሉ፦ ጠ እና ጨ አስለቅሰውኛል። ሦስት እግር በ8 ነጥብ ውስጥ፣ ከዚያ ላይ የጨ ዝርዝር፣ ከዚያ ላይ የጬ ቀለበት። ጬን አራት ጊዜ ሳልኩት፤ አሁንም የወደቀ ሸረሪት ይመስላል። ሸ፣ ቸ፣ ኘ ላይ ያለው ኮፍያ ደግሞ አንድ ሙሉ መስመር ከላይ ስለሚወስድ እግራቸው አጠረ። ወ እና ዐ ግን ክብ ስለሆኑ በራሳቸው ወጡ ማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ገበታ ተሞላ፤ ሙከራ። ሁለት መስመር ፕሮግራም። 10 ላይ ጠቋሚውን 234 አድርግ። 20 ላይ አትም፤ በጥቅሱ ውስጥ የእንግሊዝኛው ኬ፣ የመደመር ምልክት፣ ሴሚኮለን። በእኔ ገበታ ኬ የተቀመጠበት ቦታ ሰ ነው፣ መደመር ላ፣ ሴሚኮለን ም።

አርን ነካሁ፣ ራን። ስክሪኑ ላይ፦ ሰላም።

ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ማሽኗ ፕሮግራም ስትጨርስ ከግርጌ «ደህና ነው፣ 20ኛው መስመር ላይ አቁሜያለሁ» የምትልበት የራሷ እንግሊዝኛ አለ። አሁን ግን እሷም የምታነበው ከእኔ ገበታ ነው። እናም እንዲህ አለች፦

ሑ ሴሰሌ ሓሑሜሒ

ባለቤቴ መጥታ ጮክ ብላ አነበበችው። «ይኼ ድግምት ነው፣ ሁለተኛ እንዳትጽፈው» አለች። ልጄ አንድ ሳምንት ሙሉ ቤቱ ውስጥ «ሴሰሌ!» እያለች ትሮጣለች።

በዚህ አላበቃም። ስክሪኑ ሲሞላ ማሽኗ ወደላይ ልግፋው ወይ ብላ ትጠይቃለች። ያ ጥያቄ «ባ»፣ ክፍተት፣ «ትትሢ» ሆኖ ወጣ። ሦስቱ ፊደሎች ባዶዎቹ 18 ቦታዎች ላይ ስለወደቁ አልታዩም። 23692 ላይ 255 ስጽፍበት ጥያቄውን ተወችው።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ሦስቱም ገበታዎች አለቁ። አሁን የሚያትመው ፕሮግራም።

ደስ የሚለው ነገር 231 አንድ ባይት ውስጥ ይገባል፤ ባይት እስከ 255 ነው። ስለዚህ ለፊደሎቹ ተራ ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ሀ 1፣ ፖ 231። ክፍት ቦታ 0። ለማተም ከቁጥሩ 1 ቀንሼ ለ77 አካፍላለሁ። ድርሻው የትኛው ገበታ እንደሆነ ይነግረኛል፣ ቀሪው ላይ 33 ስደምር ደግሞ ገበታው ውስጥ ያለው ቦታ ይመጣል። አራት ነጥብን 232 አልኩት፤ እንደ እሱ ያሉት ከ231 በላይ ስለሆኑ ለብቻቸው ይስተናገዳሉ። በእኔ ዘዴ እንግዲህ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት አጻጻፍ፣ ዩቲኤፍ 8 የሚባለው፣ ለአንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። ጉራ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። (እሺ፣ ትንሽ ጉራ አለው።)

ለመጻፍ፦ መጀመሪያ የቤቱን ቁልፍ፣ ከዚያ ከ1 እስከ 7 ያለውን ቁጥር። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። በ ብለህ 4 ስትል ባ። ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የፊደል ቁልፎቹ 26 ስለሆኑ የቀሩት ቤቶች ከሺፍት ጋር ይነካሉ።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ፣ ገብርኤል

አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ጋ መጡ። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ለ27 ዓመት ታይፒስት ነበሩ። ጾም ነው፤ ሽሮ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሳያወልቁ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

«ምንድን ነው ይኼ፣ አንተ?»

«ኮምፒውተር ነው እትዬ። አሮጌ። አማርኛ እንድትጽፍ እያደረግኳት ነው። እስቲ ይሞክሯት።»

ወንበር ሳቡ። ጣታቸውን ላስቲኩ ላይ አሳረፉ፤ ፊታቸው ተኮማተረ። «ማስቲካ ነው የሚመስለው።» የቤቱን ቁልፍና ቁጥሩን ነገርኳቸው። አልተገረሙም። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ለጽሕፈት መኪና ሲያመቻቹት የሄዱበት መንገድ ሩቅ አይደለም። «በእኛም መኪና ዋናውን ትመታለህ፣ ከዚያ ቅጥሉን ትመታለህ» አሉ። «ያንተ ይሻላል፣ ቅጥሉ ይገጥማል። የእኛ አንዳንዴ ጎን ቆሞ ይቀር ነበር።»

ከዚያ መምታት ጀመሩ። እና ችግር መጣ። ፈጣን ናቸው፤ ከ30 ዓመት በኋላም። የእኔ ፕሮግራም አንዱን ፊደል አካፍሎ እስኪያትም እሳቸው ሁለት ቁልፍ አልፈዋል። ፊደል ይዋጣል። «ትበላለች!» አሉ። «ይቺ ማሽን ፊደል ትበላለች።»

ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ አስተካከልኩት። እስካሁን ቁልፉን እጠይቅ የነበረው በተጠየቀበት ቅጽበት ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ካልተነካ አለፈ። ነገር ግን ማሽኗ እኔ ባልጠይቃትም በሰከንድ 50 ጊዜ ቁልፎቹን ትቃኛለች፣ የመጨረሻውንም 23560 ላይ ትጽፈዋለች። ከዚያ አንብቤ ወዲያው በ0 መተካት ጀመርኩ። አንድ ቁልፍ ያህል መጠበቂያ ክፍል ማለት ነው። እትዬም ትንሽ ቀስ አሉ፣ እኔም ትንሽ ፈጠንኩ። መሃል ላይ ተገናኘን።

ደግመው ተቀመጡ። ምን እንደሚጽፉ አልጠየቅኳቸውም። እጃቸው በራሱ ሄደ። ገ፣ 2። ደ፣ 4። የ፣ 2። 177፣ 165፣ 156። ስክሪኑ ላይ፦ ጉዳዩ።

27 ዓመት እያንዳንዱን ደብዳቤ የጀመሩበት ቃል። ስማቸውን አይደለም፣ ሰላምም አይደለም።

«ማስመሪያውስ?» አሉ።

«የምን ማስመሪያ እትዬ?»

«ጉዳዩ ሥሩ ይሰመራል እንጂ! ሳይሰመር ማን ይፈርምበታል?»

አሰብኩ። ማሽኗ ያለውን ጽሑፍ ሳታጠፋ በላዩ ላይ ሌላ የምታትምበት ትእዛዝ አላት። ሥርዝ ደግሞ በፋብሪካው ገበታ ላይ አለ፣ የሚሰመረውም በስምንተኛው መስመር ላይ ነው፤ እኔ ለሁሉም ፊደል ባዶ የተውኩት መስመር። 23607 ላይ 60፣ ወደ ኋላ ሦስት ፊደል፣ ሦስት ሥርዝ፣ ተመልሼ 240። ጉዳዩ ተሰመረ። ፊደሉን አልነካም፣ ከሥሩ ልክ ገጠመ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ቤትና ቀለበት የሚፈትሹ መስሎኝ ነበር።

«ሁለት ነጥቡና መሃሉ ላይ ያለችው ሰረዝስ?»

፦ን ረስቼዋለሁ። ሦስተኛው ገበታ፣ 110ኛው ቦታ፤ 0፣ 48፣ 0፣ 252፣ 0፣ 48፣ 0፣ 0። ቁጥር 233፣ ቁልፉ 8። ዲቃሎቹ ገና ናቸው። ቨም ገና ነው፣ «ቴሌቪዥን» መጻፍ አልችልም። እትዬ ግን እሱን አልፈለጉም። አሁን ከ«ጉዳዩ፦» ቀጥለው ስለ ዓመት ፈቃድ እየጠየቁ ነው፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ሦስተኛውን ቡና ይዤ ከጎን ቆሜያለሁ። ሶኬቱን ማንም አልነካም።